ሲስተር ኡላሚላ የለጠፈችው ቀልድ

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ኡላሚላ ክትባት የያዘውን ቀዝቃዛ ሣጥን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ በናንዳራ የጀልባ ማረፊያ ላይ ቆማ ነበር። በየሳምንቱ ወደ ዋይሳሊማ መንደር የሚያደርሳት ጀልባ መጥቶላት ነበር። ባለጀልባው ግን የዋይሳሊማ ሰው ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ከውኃው ላይ ሆኖ፣ «ዛሬ ቦታ የለም፣ ሲስተር» አላትና ዞሮ ሄደ። በጀልባው ላይ ከሁለት ከረጢት ዱቄትና ከአንድ ጄሪካን ቤንዚን በቀር ምንም አልነበረም። እሷ ይህን አይታለች፤ እሱም ማየቷን አይቷል።

የሣጥኑን ክዳን ከፈት አድርጋ በረዶውን የምታይ መሰለች። በረዶው ደህና ነበር። ፊቷን የምታዞርበት ስላጣች ነው እንጂ።

ነገሩን ያመጣችው በገዛ እጇ ነው። ኡላሚላ በዋናው ከተማ በሱቫ ተምራ በዲግሪ የተመረቀች፣ በሥራዋም የምትመሰገን ነርስ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰሜን ደሴቶች ወደዚህ ስትመደብ የዋይሳሊማ ሰዎች ታውቩዎቿ ሆነው አገኘቻቸው። ታውቩ ማለት ጥንት ከአንድ አባት ወጡ የሚባሉ የሁለት አገር ሰዎች ናቸው። ሲገናኙ መሰዳደብ፣ መላገጥ፣ አንዱ የሌላውን ዕቃ አንስቶ መሄድ ይፈቀድላቸዋል፤ በዚህ የሚቆጣ ሰው ነው የሚታፈርበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ታዲያ ቪሊማይና የምትባል የዋይሳሊማ ወጣት እናት የአንድ ዓመት ተኩል ልጇን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት አላስወጋም ብላ ከሰልፍ ወጣች። ኡላሚላ የዚያኑ ዕለት በፌስቡክ ገጿ ላይ ቀልድ ለጠፈችባት። የልጅቱን የክትባት ካርድ ፎቶም አብራ ለጠፈች፤ ስሙን በአውራ ጣቷ ሸፍናዋለች። አራት ሺህ ሰው ሳቀ።

ባለፈው ሐሙስ በዋይሳሊማ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጣ ስትጠብቅ አንዲት እናት እንኳ አልመጣችም። በረዶው ቀልጦ፣ ሣጥኑን ታቅፋ ተመለሰች። በዚያው ወር በጎረቤት ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ የሚነሳው መርከብ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ እዚህ ይቆማል። በዋይሳሊማ ሁለተኛውን ክትባት ያልወሰዱ አሥራ አራት ሕፃናት አሉ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለች አንዲት አሮጊት አንድ እቅፍ የያንጎና ሥር፣ በደሴቶቹ ተወቅጦ የሚጠጣውንና ለሰላምታም ለይቅርታም የሚቀርበውን፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ባሕሩ ሲወርዱ አየች። ታራይቪኒ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በዚሁ በናንዳራ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በደሴቱ ላይ ትልቁም ትንሹም «ቡ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ከኋላቸው የእኅታቸው ልጅ ሳኪዩሳ፣ ግማሽ ጠጉሩ የሸበተ ዓሣ አጥማጅ፣ ሞተር በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ጀልባው ነው ጥሎሽ የሄደው ወይስ አንቺ ነሽ የጣልሽው?» አሉ ታራይቪኒ።

«ቦታ የለም አለኝ፣ ቡ።»

«አየሁት። ለዱቄት ቦታ አለው።»

ሳኪዩሳ ሞተሩን ከጀልባው ጭራ ጋር እያሰረ፣ «እኛም ዋይሳሊማ ነን፤ አክስቴን ታናሽ እኅቷ ዘንድ ላደርስ ነው። ነይ ግቢ፣ ሲስተር» አላት። «ሞተሩ ግን እንደ ባለቤቱ ነው፤ ካልለመኑት አይነሳም።»

ሞተሩ በአምስተኛው ልመና ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ከዋይሳሊማ ፊት ለፊት ካለው የኮራል አለት በር ሲደርሱ ግን ባሕሩ ጎድሎ አገኙት። ሳኪዩሳ ሞተሩን አጠፋና መልሕቁን ጣለ። «እስኪሞላ እንቆያለን። ሆዱን አልቀድለትም» አለ፤ የጀልባውን ማለቱ ነው።

የመንደሩ ጣሪያዎች ከዚያ ይታያሉ። ታራይቪኒ ጥቅሉን ከጭናቸው ላይ አደላደሉና፣ «የጻፍሽውን ነገር ልጄ ከሱቫ ደውላ ነገረችኝ። በስልክ የተሰማ ነገር አላምንም። አንብቢልኝ» አሏት።

«ቡ፣ ካወቁት ምን ያደርግልዎታል?»

«አንቺ ስታነቢው ልስማው።»

ኡላሚላ ስልኳን አወጣች። ሰው በሌለበት ስትጽፈው እየሳቀች ነበር። አሁን ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተች አነበበች። «ዛሬ ከታውቩዎቼ አንዷ ሁለተኛውን ክትባት ለልጄ አልፈልግም አለችኝ። በዋይሳሊማ ሰው ራስ ላይ ኮኮናት ቢወድቅ የሚሰነጠቀው ኮኮናቱ ነው። እንዲህ ባለው ራስ ውስጥ ሳይንስ በምን በር ይግባ?»

ሳኪዩሳ ሳቀ። «ጥሩ ናት» አለ።

«ከሥሩ ደግሞ ሌላ አለ ብላኛለች» አሉ ታራይቪኒ። እሳቸው አልሳቁም።

«እሱን እኔ አልጻፍኩትም። አንድ የዋናው ከተማ ሐኪም ነው።»

«አንብቢው።»

«ለሞኝነት ክትባት ቢገኝ ኖሮ ሰልፉ ከዋይሳሊማ ይጀምር ነበር ይላል።»

ሳኪዩሳ ሳቁን አቆመ። «ይሄ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?»

«የዚህ አይደለም።»

«እንግዲያው ማን ፈቀደለት?»

ኡላሚላ ዐይኗን ከስልኩ ላይ አላነሣችም። ከሐኪሙ ጽሑፍ አጠገብ አንዲት ቀይ ልብ ነበረች። ያችን ልብ የተጫነችው ራሷ ናት። ይህን ለታራይቪኒ አላነበበችላቸውም፤ ነገር ግን አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስልኩ ጎንበስ ሲሉ ስልኩን መልሳ ለመሸሸግ አልደፈረችም።

«ይህች የማን ናት?»

«የእኔ ናት፣ ቡ።»

ታራይቪኒ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ጥፋትን ካጠፉ በኋላ የሚመጣ ቁጣ ቀላል ነው፤ ሰው ተቆጥቶ ይከራከርበታል። ዝም ብሎ መነጽሩን የሚጠርግ ሰው ፊት መቀመጥ ግን ከባድ ነው። ኡላሚላም ስላልቻለችው መከራከር ጀመረች።

«ቡ፣ እኔ እኮ ታውቩያቸው ነኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን የመንደሩ ሹም በምእመናኑ ሁሉ ፊት ‹መንግሥት ነርስ ላኩልን ብንለው፣ ሰሜኖች የማይፈልጓትን አነሣና ላከልን› ብለው አስተዋወቁኝ። ጃንጥላዬን ወስደው እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም። እኔ ተቆጣሁ?»

«አልተቆጣሽም። ሹሙ እንዲያ ሲሉ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነዋ፣ ፊታቸው።»

«ምን መለስሽላቸው?»

ኡላሚላ ሳታስበው ፈገግ አለች። «‹ሰሜኖች ያልፈለጉኝ ብዙ ስለምበላ ነው፤ ደጃችሁን ዝጉ› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።»

«የታውቩ ወግ ይኼ ነው» አሉ ታራይቪኒ። «ይሰድብሻል፣ ትሰድቢዋለሽ፣ አብራችሁ ትበላላችሁ። እስኪ አሁን ቪሊማይና ስትጽፊ የት ነበረች?»

«ቤቷ።»

«ምን ብላ ትመልስልሽ? እኅቷ ናት ከሱቫ የላከችላት። በደረሳት ጊዜ አራት ሺህ ሰው ስቆ ጨርሷል። አራት ሺህ ታውቩ አለሽ?»

«ስሟን እኮ ሸፍኜዋለሁ።»

ሳኪዩሳ ከጀልባው ጭራ፣ «ልብሱን አልሸፈንሽም» አለ።

«የምን ልብስ?»

«የካርዱን። ቪሊማይና ያንን ካርድ በሰማያዊ ጨርቅ ሰፍታ ነው የምትይዘው። ቢጫ አበባ ያለው። የሞተች እናቷ ቀሚስ ነው። በመንደሩ የማያውቀው የለም። እኔ ራሴ ፎቶው ብቻ ተልኮልኝ ሳየው የማን እንደሆነ ጠያቂ አልፈለግሁም።»

ኡላሚላ ፎቶውን ከፍታ አየችው። አውራ ጣቷ ስሙን ሸፍኖታል። ጨርቁ ግን የፎቶውን ግማሽ ይዟል። ካርዶችን በየሳምንቱ በእጇ ስትቀበል ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ ይህን ጨርቅ ነክታዋለች፤ የምን ጨርቅ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። ፊቷ ጋለ፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ።

ሆኖም የተማረ ሰው በአንድ ምት አይወድቅም። ሌላ ምክንያት አወጣች፤ ይህኛው ደግሞ ከልቧ ያመነችበት ነበር።

«ቡ፣ ስለ ፎቶው ጥፋተኛ ነኝ፤ አልክድም። ነገር ግን ይህን ይስሙኝ። በስልኩ ላይ ክትባት ልጆችን ያመክናል እያለ የሚለፍፍ አንድ ሰው አለ። ሐኪም አይደለም፣ ምንም አይደለም፤ ሠላሳ ሺህ ሰው ይከተለዋል። እኔ በትሕትና የክትባት ቀን መቁጠሪያ ስለጥፍ አሥራ አንድ ሰው ወደደልኝ፤ ስድስቱ የአጎቶቼ ልጆች ናቸው። ስቀልድ አራት ሺህ ሰው አነበበኝ። ሰው የሚያነበው ቀልድ ነው። በለሰለሰ ቃል ማን ይሰማኛል?»

«አራት ሺህ ሰው አነበበሽ። ከእነሱ ውስጥ በዚህ ቀልድ ምክንያት ልጁን ያስከተበ ስንት ነው?»

ኡላሚላ ስልኳን በመዳፏ ላይ ገለበጠችው።

«የሳቁልሽ ቀድሞውንም ያስከተቡት ናቸው» አሉ ታራይቪኒ። «ያላስከተቡት አልሳቁም። ነርሶችና ሐኪሞች እኛ በሌለንበት የሚሉን ይህን ነው ለካ ብለው ሄዱ። ያ ለፍላፊ ሠላሳ ሺህ ሰው አለው አልሽኝ። በአንድ ቀን ስንት ሰው እንደጨመርሽለት ታውቂያለሽ?»

ውኃው ከጀልባው በታች ይንቀሳቀስ ጀመር። ሳኪዩሳ ወደ አለቱ በር አየና፣ «ገና ነው» አለ።

ታራይቪኒ የሚቀጥለውን የተናገሩት ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ባሕሩ እያዩ ነው። «በሥራ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት እናት ቀጠሮ አሳልፋ መጣች። በሰልፉ ፊት ጮኽኩባት። ‹ለልጅሽ ከምታስቢ ለአሳማሽ ታስቢያለሽ› አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛ አልመጣችም። በዓመቱ ኩፍኝ ገባ።»

የጀልባውን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ።

«ልቅሶው ላይ ሄድኩ። እናቲቱ ምንም አላለችኝም። ምንጣፍ ዘረጋችልኝ፣ ሻይ ሰጠችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።» ከዚያም ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «የእኔ ሰልፍ ሃያ ሴት ነበር» አሉ።

ኡላሚላ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ አቀረቀረች። ዕንባ አልመጣላትም፤ ቢመጣ ይቀልላት ነበር። ቪሊማይና ከሰልፉ ስትወጣ ልጅቱን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው ያዛወረችበት አኳኋን ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ አይታው ነበር፤ ልብ ግን አላለችውም።

«ልጅቷ አላስወጋም ያለችው ለምንድን ነው?» አሉ ታራይቪኒ።

«አላውቅም።»

«አልነገረችሽም?»

«አልጠየቅኋትም። ሰልፍ ነበረ።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በይ ይህን ስልክ ባሕር ውስጥ ጣይው። በእኛ ጊዜ አልነበረም፤ ክትባት ግን ነበር። ነርስ ደጅ ለደጅ ትሂድ። በዚህ ዕቃ ላይ ምን ሥራ አላት?»

ኡላሚላ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «እዚህ ላይ አልስማማም፣ ቡ። ልጇ የታመመባት እናት አሁን እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ስልኳን ትጠይቃለች። እኔ ደጃቸው የምደርሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ስልኩ ሁልጊዜ ትራሳቸው ሥር ነው። እዚያ እኔ ከሌለሁ ያ ሰውዬ አለ። ብንወጣ ቤቱን ለእሱ ለቀቅንለት ማለት ነው።»

ታራይቪኒ አሰቡ። በእርጅናቸው ውስጥ አንድ የሚያስከብር ነገር ነበራቸው፤ ያላሰቡትን ነገር ሲሰሙ አስቀድመው ያሰቡት ለመምሰል አይሞክሩም።

«ይህን አላሰብኩትም» አሉ። «ልክ ነሽ። እንግዲያው እዚያው ሁኚ። ግን ስትሆኚ ነርስ ሆነሽ ሁኚ። በእናቲቱ ፊት የማትይውን እዚያ ላይ አትበዪ። ካርድ አታሳዪ። የጠየቀሽን መልሺ፤ የማታውቂውን አላውቅም በዪ። ያሥራ አንዱ ሰው ጉዳይ ደግሞ አይክፋሽ፤ አሥራ አንድ ሰው በልቶ የሚያድርበት ራት ስትሠሪ ትንሽ ነው ትያለሽ?»

«ዛሬስ ምን ላድርግ? ሣጥኑን ይዤ አዳራሽ ብቀመጥ እንደ ባለፈው ነው።»

ታራይቪኒ በጋዜጣ የተጠቀለለውን የያንጎና ሥር ከጭናቸው አንስተው ከእሷ ጭን ላይ አኖሩት። «ለእኅቴ ቤት ነበር። እሷ ትታገሣለች። ያጠፋ ሰው በእኛ አገር እንዴት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።»

«ቡ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በፌስቡክ ነገር ያንጎና ይዞ ደጅ መቀመጥ…»

«መንግሥት አይደለም የሰደባቸው» አለ ሳኪዩሳ መልሕቁን እየሳበ። «አንቺ ነሽ። እኔ እናገርልሻለሁ፤ የእኔ አፍ እንደ ሞተሬ አይደለም።»

የመንደሩ ሹም ኤፓራማ የቪሊማይና አማት ናቸው። ጃንጥላዋን ያልመለሱላት እሳቸው ናቸው። ባሕሩ ሞልቶ መንደሩ ሲደርሱ ሦስቱ ጎንበስ ብለው ወደ ሹሙ ቤት ገብተው ከበሩ አጠገብ፣ ከምንጣፉ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሳኪዩሳ ሥሩን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ዐይኑን ሳያነሣ ተናገረ። ይህች ልጅ በዚህ ቤት ላይ የማይገባ ነገር እንደተናገረች፣ የተናገረችበትም ቦታ ቤቱ መልስ የማይሰጥበት እንደነበር፣ ጥፋቷን አውቃ እንደመጣች፣ ሥሩ ትንሽ እንደሆነ አለ። ኡላሚላ የምንጣፉን ሽመና ስትቆጥር ቆየች። በሕይወቷ ብዙ ፈተና ተፈትናለች፤ ሌላ ሰው ጥፋቷን በሰው ፊት እየዘረዘረ እሷ ዝም ብላ የምትሰማበት ፈተና ግን አልነበረም።

ኤፓራማ ሥሩን ወዲያው አላነሡም። ከውጭ የሕፃናት ድምፅ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉና ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ።

«ቤቱ ተቀብሏል» አሉ። «የተሰደበው ግን የእኔ ራስ አይደለም። የእኔ ራስ ለምዷል። እሷን ጠይቋት።»

ቪሊማይና ከጓዳው በር አጠገብ ልጇን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። «እኔም ተቀብያለሁ፣ ሲስተር» አለች። «እርስዎም ሥራ አለብዎት፤ እንዳይዘገዩ።»

‹እርስዎ› የሚለው ቃል ኡላሚላን ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ወጋት። ታውቩ ታውቩውን አንቱ አይልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህች ሴት ‹አንቺ እግረ ሰፊ› ስትላት ነው የኖረችው።

«ቪሊማይና፣ ያን ቀን ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም» አለች። «ዛሬ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ?»

ቪሊማይና አማቷን አየች፣ ታራይቪኒን አየች፤ ከዚያ ልጇን እያየች ተናገረች። «ትልቁን፣ ዋይሳኬን ያስከተብኩት ሰሞን ትኩሳት ያዘውና አንቀጠቀጠው። ዐይኑ ተገለበጠ። የሞተ መሰለኝ። አባቱ ባሕር ላይ ነበር። ለዚያን ጊዜዋ ነርስ ስነግራት፣ ‹ክትባት እንዲህ አያደርግም፣ ሌላ ነገር አብልተሽው ነው› ብላ ሸኘችኝ። ስልኬን ጠየቅሁ። ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ፣ ‹አዎ፣ ያንቀጠቅጣል› አለኝ። እሱ አመነኝ። ከዚያ በኋላ ያመክናል ሲል፣ አእምሮ ይነካል ሲል፣ መጀመሪያ የነገረኝ እውነት ስለነበረ ይህንንም አመንኩት። ለዚህች ለላይሳኒ የመጀመሪያውን እየፈራሁ አስወጋሁ፤ ሁለተኛውን ግን አልደፈርኩም።»

ኡላሚላ ያን ጊዜ የተረዳችው ነገር በአራት ዓመት ትምህርቷ ያላገኘችው ነው። ሐሰተኛው ሰው የቆመው እነሱ ራሳቸው በካዱት አንድ እውነት ላይ ነበር።

«የነገረሽ አንዱ ነገር እውነት ነው» አለች። «ክትባቱ በተሰጠ ከሳምንት በኋላ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ከብዙ ልጆች መካከል አንዳንዱን ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል። በጣም ያስፈራል፤ ግን ያልፋል፣ ጉዳትም ጥሎ አይሄድም። ስለ ማምከኑና ስለ አእምሮው ያለው ውሸት ነው። ኩፍኙ ግን ሳንባ ይይዛል፣ አንጎል ይይዛል፣ ይገድላል። ላይሳኒን ትኩሳት አይነካትም ብዬ ቃል አልገባልሽም። ቢመጣ ምን እንደምታደርጊ ግን አሳይሻለሁ፤ ስልክም ደውዪልኝ፣ አነሣለሁ።»

«ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ምንም። ሦስት ደቂቃ ነበር።»

ቪሊማይና ልጇን በጭኗ ላይ አስተካከለች። «በአራት ሺህ ሰው ፊት ሰድበሽኛል፤ ይቅርታውን በአንድ ቤት ውስጥ ጨረስሽው። እዚያው ላይ ጻፊው። ሳትልኪው እኔ ላንብበው።»

በመንደሩ ኢንተርኔት ደህና የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ሁለቱ ወጡ። ኡላሚላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጻፈች፤ ቪሊማይና ከትከሻዋ በላይ አነበበች።

«‹ካስከፋሁ› አትበዪ» አለች። «ካስከፋሁ ምንድን ነው? አስከፍተሻል።»

ኡላሚላ አጠፋችው።

«‹ማኅበረሰቡ› የሚለውስ ማነው? እኔ ነኝ ማኅበረሰቡ?»

«እሺ፣ ‹አንዲት እናት› ልበል?»

«በዪ። የጠየቀችው ተገቢ ጥያቄ ነበር በዪ። ከዚያ የነገርሽኝን ሁሉ፣ ትኩሳቱንም፣ ሳትደብቂ ጻፊ። አንቺ ሰው፣ ጣትሽም እንደ እግርሽ ሰፊ ነው እንዴ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትሳሳቺው?»

ኡላሚላ ቀና ሳትል የተሳሳተውን ፊደል አረመች። የድሮውን ጽሑፍና ፎቶውን አጠፋች፤ አዲሱን ላከች። ለሐኪሙም ለብቻው ጻፈችለት፤ ያቺን ልብ በመጫኗ እንዳፈረች፣ እሱም ደግሞ ሊያስብበት እንደሚገባ። ወዲያው፣ «ምን ነካሽ፣ ቀልድ እኮ ነው» ብሎ መለሰላት። «የእኔ ታውቩዎች ናቸው፤ ያንተ አይደሉም። እኔም እንኳ እዚህ ላይ አይፈቀድልኝም ነበር» አለችው። ከዚያ በኋላ አልጻፈላትም።

በዚያ ቀን ከአሥራ አራቱ ሕፃናት ዘጠኙ ተከተቡ። የመጨረሻዋ ላይሳኒ ነበረች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስት መጡ። ሁለቱ አልመጡም፤ አንዲቱ እናት በሩን እንኳ አልከፈተችም፤ ኡላሚላ ግን በየሳምንቱ በዚያ በር ማለፏን አልተወችም። ከደጁ ላይ ሰላምታ ሰጥታ ትሄዳለች።

አዲሱን ጽሑፍ የወደዱት ሠላሳ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከሥሩ ግን በቀልዱ ጊዜ ያልታየ ነገር ታየ፤ እናቶች ጠየቁ። አንዷ ልጄ ሲያስለው ላስከትበው ወይ አለች፤ ሌላዋ የእኔም አንቀጥቅጦት ነበር፣ ለማንም አልነገርኩም አለች። ኡላሚላ ለእያንዳንዷ መለሰች፤ ያላወቀችውን ጠይቃ መለሰች። የደሴቱ ነርሶች በወሩ ስብሰባ ላይ ሲገናኙ የድሮውን ቀልዷን ራሷ አንብባላቸው ነበር። የዚያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም፤ ያኔ ጽሑፉን ከሥሩ በሳቅ ካደመቁት ብዙዎቹ እነሱ ነበሩና። በዚያ ቀን የታካሚ ካርድ እንዳይለጠፍ፣ ሐኪምም ሆነ ነርስ እናቲቱ ብታነበው የሚያፍርበትን ቃል እንዳይጽፍ፣ ክትባት የሚያመጣው ጥቂት ሕመም እንዳይደበቅ ተስማሙ። ከዚህ የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ሕመሙን ከነርሷ አፍ ቀድማ የሰማች እናት ሕመሙ ሲመጣ አትሸሽም፤ ጥያቄዋን ያልተሳቀባት እናት ሌላ ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች፤ የተመለሰች እናት ደግሞ ጎረቤቷን ይዛ ትመጣለች። ሐሰተኛውን ሰው ማንም አልሰደበውም፤ በዋይሳሊማ ግን የሚጠይቀው ሰው እያነሰ ሄደ። መርከቡ በሳምንት ሁለት ጊዜ መቆሙን ቀጠለ፤ እስከዚያ ዓመት ፍጻሜ በመንደሩ ኩፍኝ አልገባም።

ኡላሚላ ግን ዳነች ማለት አይደለም። ሰማያዊውን ካርድ በተቀበለች ቁጥር ፊቷ ይግላል።

ላይሳኒ በተከተበች በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኳ ጮኸ።

«መጣ» አለች ቪሊማይና።

«ምኑ?»

«የጠራሽው። ትኩሳቱ።»

ኡላሚላ ተነሥታ ቆመች። የልጅቱን መተንፈስ ጠየቀች፣ መጠጣቷን ጠየቀች፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት እንደሰጠቻት ጠየቀች። ቪሊማይና ሁሉንም በተራ መለሰች። ከበስተጀርባ ልጅቱ ስታለቅስ ይሰማል፤ የደህና ልጅ ለቅሶ፣ የቁጣ ለቅሶ ነበር። ዛሬውኑ ልምጣ ወይ አለቻት።

«ተይው፣ ፓፓያዋን እየበላች ነው። ቢብስ እደውልልሻለሁ።» ቪሊማይና ስልኩን አልዘጋችም። «እኔ የምለው፣ እናንተ ሰሜኖች ትኩሳት ስትጠሩ በቀኑ ይመጣላችኋል። ከባሕር እንጠራዋለን የምትሉት ዓሣ ነው እንዴ የማይሰማችሁ?»

ኡላሚላ መልስ ነበራት። ጥሩ መልስ ነበር፤ አራት ሺህ ሰው የሚያስቅ።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለቻት። «ፊትሽ ላይ እነግርሻለሁ።»